ስለ ደሴታችን የምክር ቤት አባል ዕረፍትና በቀብራቸው ዕለት ስለሚሰቀለው ቀይ ጨርቅ

ለማኅበሩ አባላት፣ ለደሴቱ ነዋሪዎችና ማዶ ላላችሁ ሁሉ፦

የጀልባ ቀዛፊዎችና ሞተረኞች ማኅበር፣ ደሴታችንን ወክለው ለአራት የምርጫ ዘመን በክልሉ ምክር ቤት ያገለገሉት እህታችን ትናንት ማለዳ በቤታቸው ማረፋቸውን የሚገልጸው በመረረ ሐዘን ነው። የመረረ ያልነው ለወጉ አይደለም፤ ምክንያቱ ከታች ተጽፏል።

እህታችን የተወለዱት ከወደቡ ጀርባ ካለው መረብ መጠገኛ ቤት ነው። ምክር ቤት ከገቡም በኋላ ሲሻገሩ እንደማንም ተሳፋሪ ጫማቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ጀልባ ውስጥ የገባውን ውሃ በጣሳ እየቀዱ ያፈሱ ነበር። በጀልባችን የተቀመጠ ሁሉ ውሃ ይቀዳል። እርሳቸውም እኔን ተዉኝ ብለው አያውቁም።

በመጀመሪያው ዘመናቸው፣ ባል የሞተባት ሴት ጀልባዋን በስሟ እንድታስመዘግብና የባል ወንድም እንዳይወስድባት የሚያደርገውን ሕግ አስወጡ። አንዳንዶቻችን አልወደድነውም። ዛሬም የማይወደው አለ። የሴቶቹ ጀልባዎች ግን ከእኛዎቹ ያነሰ ያፈሳሉ።

በሁለተኛው፣ ዓሣ የሚያጸዱት ሴቶች መጠለያ፣ የቧንቧ ውሃና የወሊድ ፈቃድ አገኙ።

በሦስተኛው፣ ነፋስ የማያቆመው ትልቅ የሕክምና ጀልባ ለደሴቱ እንዲመደብ ጠየቁ። የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ በጉባኤው ፊት «ደሴት ላይ መኖር የወደደ ነፋሱንም ይውደድ» አሉ፤ ተሳቀ። እህታችንም «ነፋሱስ ማታ ማታ ያርፋል፤ እርስዎ መቼ ነው የሚያርፉት?» ብለው መለሱ። ሳቁ ዞሮ ሰብሳቢው ላይ ሆነ። ሰብሳቢውም ይህን በልባቸው ቋጠሩ።

ነፋስ ሲበረታ ማኅበራችን ማዶ ባለው ወደብ ምሰሶ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል። ቀይ ካለ ጀልባ የለም። የሰብሳቢው ቢሮ መስኮት ምሰሶውን ከላይ ያያል። አንድ ጠዋት መስኮቱን ከፍተው ጨርቁን አይተው «ድምፁ ዛሬ ይሰጥ» አሉ። ቢሯቸውን የምታጸዳው የደሴታችን ልጅ እዚያው ቆማ ሰምታለች። እህታችን በዚህ ዳር ቆመው ሲጠብቁ፣ በዚያ ማዶ ጥያቄውን ለመጣል እጅ ወጣ። የሕክምናው ጀልባ በዚያው ቀረ።

በሚቀጥለው የነፋስ ወር የማኅበሩ ሊቀ መንበር ባለቤት ታመው፣ በወደቡ አግዳሚ ላይ ተኝተው ነፋሱ እስኪበርድ ሲጠበቅ አረፉ። እህታችን እስከ መጨረሻው እጃቸውን ይዘው ነበር። በዚህ ላይ ሌላ አንጽፍም።

በአራተኛው ዘመናቸው፣ ሕመም እየጎተታቸውም ጥያቄውን መልሰው አቀረቡ። አሁንም በሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ዛሬ ጠዋት ከሰብሳቢው ቢሮ ተደወለ። ሰብሳቢው አበባ ይዘው ስለሚመጡ፣ ጥላ ያላት ጀልባና ንግግር የሚያደርጉበት ቦታ እንድናሰናዳ ታዘናል። የደወለው ሰው ጨዋ ነው፤ የነገው አየር እንዴት ነው ብሎም ጠይቆናል። ማኅበሩ ተሰብስቦ ተመካከረ። አንድ አባል ሬሳ ፊት ቂም ነውር ነው ብሎ ተናገረ። ሰማነው፤ አልተቀበልነውም።

ስለዚህ ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ነገ ነፋስ የለም፤ ከዚህ ውሃ ጋር አብረን ያረጀን ነንና እናውቃለን። ቢሆንም ከጠዋት ጀምሮ ማዶ ምሰሶው ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። ጨርቃችን እስከ ዛሬ ዋሽቶ አያውቅም። ነገም እንዳይዋሽ ብለን ለምን እንደሚሰቀል አስቀድመን ጽፈናል። ለቀስተኛ አይደናገጥ፤ ጀልባዎቹ ያመላልሳሉ፤ እንደ ወትሮው በሽተኛ ይቀድማል። ጨርቁ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ላሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለዓሣ አጽጂዎቹ ሴቶች መጽናናትን እንመኛለን። ያን ጠዋት እጃቸውን ላላወጡ የምክር ቤት ባልደረቦቻቸውም እንዲሁ፤ ይምጡ፣ ጣሳ እንሰጣቸዋለን።

ሰብሳቢው ግን መስኮታቸውን ከፍተው ይዩ። ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር