ላስቲክ የለበሱት ወንበሮች

ለማይሰማኝ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ እኔ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሳው? ምራቴስ እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር? ትንሹ ልጃችሁስ በስልክ አባባ ማለቱን አልተወም? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ጨው ተከልክላለች፤ ስለዚህ እኔም ያለ ጨው እበላለሁ። በሽታው የእሷ፣ ቅጣቱ የጋራ። ሰላምታ ሳላደርስ ቁጣ እንዳልጀምር አስምላኝ ነበር። ይኸው አድርሻለሁ፤ መሐላዬ ወርዷል።

ነገሬ ስለ ወንበሮቹ ነው። አንተ በዓይንህ ስላላየኸው ከሥሩ ልንገርህ። እኛ ጋ የቀረችው ልጅህ፣ የእኔ አለቃ፣ ለካንሰሩ መድኃኒት በጠብታ የምትወስድበት የሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ የነበረው መቀመጫ የብረት አግዳሚ ነበር። ከጠዋት እስከ ከሰዓት እዚያ ላይ ነው የምትውለው። መደገፊያ የለውም። መርፌ የገባበት እጇ የሚያርፍበት አጥቶ ተንጠልጥሎ ይውልና ያብጣል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሶፋ ስሠራ የኖርኩ ሰው አጠገቧ ቆሜ እጇን በመዳፌ ደግፌ እውል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን፣ አባባ፣ የሰው ሳሎን ስታሳምር ኖረህ ለልጅህ ልጅ የቀረህ መዳፍህ ብቻ ነው እንዴ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማዘዝ ጀመረች። ክንዱ ሰፊ ይሁን፣ እጅ ተዘርግቶ ይረፍበት። ስፖንጁ ጠንከር ይበል፣ ሰው ውስጡ እንዳይሰምጥ። ጀርባው ወደ ኋላ ይንጋለል። በጎኑ ኪስ ይኑረው፣ ለማስታወኪያ ላስቲክ፤ ነርስ እስክትመጣ አፍ ይዞ መጠበቅ ውርደት ነው አለችኝ። እሺ አለቃ እያልኩ ሁሉንም በልቤ ያዝኩ። ለእሷ አልደረሰላትም።

እህትህ በስሟ የበጎ አድራጎት ማኅበሩን ስታቋቁም፣ አንተም ለዕቃው ስትልክ፣ በልባችሁ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ አላማኋችሁም። ዓይኔ እንባ ሲያስቸግረው እየጠረግኩ፣ ስፌቱ ሲጣመም እየፈታሁ ሠርቼ ጨረስኩ። ወንበሮቹን ለሆስፒታሉ ጭነው ወሰዱ። እኔም ሰው ተቀምጦባቸዋል ብዬ እፎይ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የአንዱ እግር ሳይላላ አይቀርም ብዬ መፍቻዬን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ወንበሮቹ ላስቲካቸውን እንደለበሱ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ቀይ ሪባን ተወጥሯል፤ ከበላያቸው የአለቃ ፎቶ ተሰቅሏል። ሕመምተኞቹ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ያው የብረት አግዳሚ ላይ፣ እጃቸውን አንጠልጥለው ወንበር ያያሉ። እሷም ከላይ ሆና እነሱን ታያለች። ኃላፊዋን ነርስ ምንድን ነው ይሄ ብላት፣ አባባ ምረቃው እስኪደርስ ነው፣ የልጅቱ አባት ከውጭ መጥተው ሪባኑን እስኪቆርጡ ማንም እንዳይቀመጥ ተብለናል አለችኝ። እህትህ ጋ ደወልኩ። እውነት ነው፣ ራሱ ነው ያለኝ አለች። መቼ ነው የሚመጣው ስላት፣ ፈቃድ ሲያገኝ። ፈቃዱን መቼ ያገኛል ስላት፣ አባዬ አትጨቅጭቀኝ።

ልጄ፣ ካንሰር ያንተን የዓመት ፈቃድ ይጠብቃል ያለህ ማነው? ጠብቆህ ያውቃል?

ይህ የቤታችን በሽታ እንደሆነ አይጠፋኝም። የሶፋ ሠሪ ቤት ሆኖ ሳሎናችን ያለው ሶፋ ላስቲኩ ሳይወልቅ አርጅቷል፤ ለእንግዳ ነው እየተባለ አንተም በርጩማ ላይ ነው ያደግኸው። አለቃ ትሙት ትዳን ሳይታወቅ እንኳ ታሾፍብን ነበር፤ ይሄ እንግዳ ማነው፣ ስሙን ንገሩኝና ሄጄ ልጥራው ትል ነበር። አሁን በእሷ ስም ያንኑ አደረጋችሁ። እንግዳው ደግሞ አንተ ሆንክ።

የስፖንጅ መቁረጫ ቢላዬ ከኪሴ አይለይም። መጀመሪያ ሪባኑን፣ ቀጥዬ ላስቲኩን ቀደድኩት። ኃላፊዋ ነርስ፣ እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቻለሁ፣ ምንም አላየሁም ብላ ወጣች። አስተዋይ ሴት ናት። አንዲት አትክልት ሻጭ እጇ አብጦ ተቀምጣለች። ነይ እዚህ ብላት፣ አይ አባቴ፣ አዲስ ነገር አላቆሽሽም አለችኝ። አንቺ ካላቆሸሽው ማን ሊያቆሽሸው ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሽማግሌ አታስለምኚ አልኳት። ተቀመጠች። እጇን ክንዱ ላይ ዘረጋች። ትንሽ ቆየችና አንኮራፋች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሥተው መጡ።

አሁን እህትህ አኩርፋኛለች። ያረጀ ሕፃን ብላኛለች፤ ብላኛለች እንጂ ዋሽታለች አልልም። አዲስ ላስቲክ ገዝታ መልሳ ልትሸፍናቸው ነው፤ ወንድሜ ካልፈቀደ አልገልጥም ብላለች። የምትሰማው አንተን ብቻ ነው። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ደውልላት። ተዪያቸው፣ ይቀመጡባቸው በላት።

ስትታመም መምጣት አለመቻልህን፣ ስትቀበርም የመኖሪያ ወረቀትህ ታግዶ እዚያ ግድግዳ ስትደበድብ እንዳደርክ አውቃለሁ፤ በዚያ ተቆጥቼህ አላውቅም። ለአንድ ጊዜ እንኳ በእጅህ የሆነ ነገር ልታደርግላት ፈለግክ። ይገባኛል። ግን ሪባን ቆርጠህ ያለፈውን ቀን አታገኘውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ለእንባህ አዳራሽ አያስፈልገውም። ና፣ ፈቃድህን ስታገኝ ና። መድኃኒት በሚሰጥበት ቀን ይዤህ እሄዳለሁ። ወንበሮቹ ሁሉ ሰው ይኖርባቸዋል፤ አንተ እንደ እኔ ቆመህ ትውላለህ። ለአንዷ ውኃ ታቀብላለህ። የሚቆረጥ ነገር ግን አታገኝም።

ትንሹን ልጃችሁን ጉንጩን ሳምልኝ፤ የአባባ ጢም እንደሚወጋ አስታውሰው። ጎረቤታችሁን ያን ቁመተ ረጅሙን ሹፌርም ሰላም በልልኝ፤ አጎንብሶ ይስማኝ። እናትህ በብዙ ናፍቆት ትስምሃለች፤ ደብዳቤውን አንብባ ቁጣው አልበዛም ወይ ብላኝ ነበር፣ ጨው ስለሌለው ነው አልኳት። ለምራቴ ግን ቁጣዬን አታንብብላት። ልጅሽ ያዘዘችው ወንበር ላይ አንዲት ሴት እንቅልፍ ወሰዳት ብለህ ብቻ ንገራት።

አባትህ

ከሶፋ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ
ሰኔ ፬ ቀን