ዓርብ ዓርብ ስለሚጸዳው ሎግ እና ስለ ባለቤቴ ድምፅ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ ደኅና እንዲሆንና ቤተሰብዎን በገዛ ድምፅዎ ለረጅም ዘመን እንዲጠሩ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ድምፅ ምን ያህል ውድ እንደሆነ በእርስዎ ክፍል በኩል ስለተማርኩ ነው።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ምናልባት ካስታወሱኝ፣ ማንቁርቷ በቀዶ ጥገና ከመውጣቱ በፊት ድምፅዋን ለማስቀዳት ወደ ሆስፒታላችሁ የድምፅ መቅጃ ክፍል ትመላለስ የነበረችው ሴት ባል ነኝ። ሐኪሞቹ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንደ ድሮዋ መናገር እንደማትችል ሳይደብቁ ነገሩንና፣ ድምፅዋ እንኳ ለልጃችን ይቆይላት ብለው ወደዚያች ክፍል ላኩን። ሐሳቡ የደግ ሰው ሐሳብ ነበር፤ ማን እንዳመነጨው ባውቅ ኖሮ ለእርሱ ሌላ ደብዳቤ፣ እንደዚህኛው ሳይሆን ሆድ ያልባሰው ሰው የጻፈው ደብዳቤ፣ በላክሁለት ነበር።

ባለቤቴ የምታስቀዳውን ስትመርጥ ሰነበተች። ልጃችንን ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅስበትን ዜማ፣ ሁልጊዜ መጨረሻውን የምትለዋውጠውን ተረት፣ ከዚያም ሳቋን መረጠች። «ቁጣዬም ይቀዳ፣ አለዚያ ተሞላቅቃ ታድጋለች» ብላ፣ ጫማዋን በየቦታው ስትጥል የምትቆጣትን ቁጣ ሳይቀር አስቀዳች። ያን ሁሉ አንድ ላይ ውሃ በላው። የድምፆቹ ማስቀመጫ የነበረው ዲስክ ሞቷል፣ ሌላ ቅጂም የለም የተባልነው እርሷ ከቀዶ ጥገናው ነቅታ፣ ምንም ማለት ሳትችል ዓይን ዓይኔን እያየች በነበረችበት ሳምንት ነው።

እንግዲህ ለክፍልዎ ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የባለሙያዎችዎ እርጋታ ከልቤ አስደንቆኛል። ባለቤቴ ተረቱን ከመሐል ስታደርሰው ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ የተባለው ሁሉ ይጠፋል። የክፍሉ ሠራተኛም ፊቱ ሳይለዋወጥ «ልማዷ ነው፣ አጥፍተን እናበራታለን» ይላል። እውነትም ይጠፋል፣ ይበራል፣ እርሷም እያንዳንዱ ቃል እንደ እሾህ እየወጋት እንደገና «ከዕለታት አንድ ቀን» ብላ ትጀምራለች። ይህ ደጋግሞ ሲሆን አንድም ቀን አልተማረረችም። እንዲያውም አንድ ቀን ወደ ሠራተኛው ጠጋ ብላ «ምናልባት እኔ ጮኼ ይሆናል» አለችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ጥፋተኛዋ እርሷ እንዳልሆነች የሚነግራት ሰው በክፍሉ ውስጥ አለመኖሩ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል። እኔም ከጎኗ ነበርኩ፤ እኔም አላወቅኩም።

ሁለተኛ፦ ስለ ንጽሕናዎ። ዲስኩ ከሞተ በኋላ ከትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር መምህር ጋር ማብራሪያ ልንጠይቅ ስንመጣ በአክብሮት ተቀብለው፣ ወንበር ስበው፣ ከማሽኑ ፊት አስቀመጡን። «እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም» ብለው፣ ኮምፒውተሩ የገጠመውን ሁሉ በራሱ ጊዜ የሚጽፍበትን፣ እናንተ ሎግ የምትሉትን መዝገብ በገዛ እጅዎ ከፈቱልን። ሎጉ በሌላኛው፣ በደኅናው ዲስክ ላይ ስለነበር ተርፏል። ባልደረባዬ መጀመሪያ የፈለገው ማሽኑ የቆመባቸውን ሰዓታት ነበር፤ ከእያንዳንዱ በላይና በታች ያለውን ማንበብ ነው ዋናው ነገር አለኝ። እኔም ካርታ ማንበብ የማስተምር ሰው ነኝና አልከበደኝም። ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀይ መስመር ነበር። ዲስኩ ተጎድቷል፣ የምጽፍበት ቦታ እየከዳኝ ነው ይላል። ደግሞ ይላል፣ ደግሞ ይላል። ያ ግዑዝ ነገር አፍ አውጥቶ ሲናገር ነበር።

መቼ እንደጀመረው ለማወቅ ወደ መጀመሪያው መስመር ወረድን። ከዚያ በፊት ግን ምንም የለም። የመጀመሪያው መስመር የሚለው ሎጉ ዓርብ ከቀትር በኋላ መጥፋቱን ነው፤ አጥፊውም በእርስዎ መለያ ስም የገባ ሰው ነው። እርስዎም ሳያፍሩ፣ እንዲያውም በኩራት፣ «ዓርብ ዓርብ እናጸዳዋለን፤ ቀዩ ሲበዛ ሪፖርታችንን ያበላሽብናል፣ ሰኞ በንጹሕ እንጀምራለን» አሉን። አሠራርዎ እንዲህ ከሆነ፣ ባለቤቴ በተመላለሰችባቸው ሳምንታት ሁሉ ማሽኑ ሲያስጠነቅቅ ሰንብቶ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ ሲጠርጉት ኖረዋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቢያነቡት ኖሮ ድምፅዋን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ሻይ ተጠጥቶ የማያልቅበት ሥራ ነበር አለኝ ባልደረባዬ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ሻይ ሳስብ እውላለሁ።

ሦስተኛ፦ ይህ ቁጥር ቀይ ስለነበረና የደብዳቤውን መልክ ስላበላሸብኝ፣ ከእርስዎ በተማርኩት መሠረት አጥፍቼዋለሁ።

አራተኛ፦ ይህ እንኳ ምስጋና አይደለም፣ ልመና ነው። ከቢሮዎ ስወጣ በመቅጃው ክፍል በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር እንደሆኑ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የሚሉትን እንዳይረሱ ወረቀት ላይ ጽፈው እንደመጡ በተጎተተ ድምፅ አጫወቱኝ። ከውስጥ ያው ማሽን፣ አዲስ ዲስክ ተገጥሞለት፣ እየጠበቃቸው ነበር። ስለ እግዚአብሔር ብዬ እለምንዎታለሁ፤ ዓርብ ሲደርስ እጅዎን ይሰብስቡ፣ ሎጉን ያንብቡት፣ ቀይ ካለም የሰውዬውን ድምፅ ሳይመሽ ሌላ ቦታ ይገልብጡት። ሪፖርትዎ ቀይ ቢሆን የሚቆጣዎት አለቃዎ ነው። አለቃ ቢቆጣም በድምፁ ነው የሚቆጣው፤ እርሱም ራሱ አንድ ጸጋ ነው።

የእርስዎን ጊዜ በማባከኔ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በአካል ብሰጥዎ ዓርብ ሲደርስ እንዳይጸዳብኝ ብዬ ደብዳቤዬን ለሁሉ ሰው እንዲታይ አድርጌ ማውጣቴን እንዳይቀየሙኝ እየለመንኩ፣ ቢሮዎ እንደ ሎግዎ ንጹሕ፣ ሰኞዎችዎም ሁሉ ጥፋት የሌለባቸው እንዲሆኑልዎ እመኛለሁ።

ከማይጠፋ አክብሮት ጋር፣
ድምፅ የነበራት ሴት ባል

ከፊርማዬ በኋላ፦ ሦስተኛውን ቁጥር ማጥፋት አልሆነልኝም፤ እርስዎ እንዴት እንደሚችሉበት አላውቅም። ባልደረባዬ ያን ቀን ደኅናውን ዲስክ ሲፈትሽ፣ ሠራተኛው ማይክሮፎኑን ሊሞክርበት የቀዳው አጭር ድምፅ አገኘ። ባለቤቴ ጉሮሮዋን ትጠርግና «ጀመረ እንዴ? ልናገር?» ትላለች። የተረፈን ይኸው ነው። ልጃችን ስልኬን ከጆሮዋ ለጥፋ ደጋግማ ትሰማዋለች፣ ሁልጊዜም «አዎ እማዬ፣ ጀምሯል፣ ተናገሪ» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ ትጠብቃለች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ፀጉሯን ትዳብሳለች። ትናንት ልጄ ወደ እኔ ዞራ ለምን እንደማትቀጥል ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ በሙያው እርስዎ ይበልጡኛልና ምን ብዬ ልመልስላት? አጥፍተሽ አብሪው ልበላት?