«እንደ ድሮው?»

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ
ከአባዬ ጸጉር ቤት፣ ከመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ

ይድረስ ሲሄድ በር፣ ሲደውል ስልክ ለሚዘጋው ረጅሙ ወንድሜ፦

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። በየእሁዱ ለእማዬ እየደወልክ «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ ብርድ የለም» እንደምትላት አውቃለሁ፤ ድምፅህን አጉልታ ነው የምታሰማን። አባዬም ይሰማል። አንተ በደወልክ ቁጥር እዚያው ክፍል ውስጥ አንድ የሚጠገን ነገር አያጣም። ባለፈው የወንበር እግር ሲያጠብቅ ቆየ፤ ወንበሩ ደህና ነበር። በስልክ መልእክት እንዳልጽፍልህ ደግሞ አንድ አውራ ጣት ልከህ ትገላገለኛለህ። ለወረቀት አውራ ጣት መላክ አይቻልም፤ ሞክር እስቲ።

እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ግን «አሞኛል» ከምትል ደረጃ በሩጫ ብትወጣ ይቀላታል። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ እየመጣሁ የወደቀ ጸጉር እጠርጋለሁ፤ የክፍሌ ልጆች «መጥረጊያዋ» ብለውኛል። አባዬ ግን... ቆመህ ከሆነ የምታነበው፣ ቁጭ በል።

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ያው የምታውቀው አባዬ ነበር። ጠዋት በዚያው መንገድ ይመጣል፤ መንገዱ ተቆፍሮ እንኳ በሳንቃው ላይ እየተንገዳገደ በዚያው ይመጣል። ሬዲዮኑን እዚያው ጣቢያ ላይ ይከፍታል። ጣቢያው ከተዘጋ ቆይቷል፤ እሱ የሚንሿሿውን ያዳምጣል። ደንበኛ ሲቀመጥ ጨርቁን አንገቱ ላይ ያስርና «እንደ ድሮው?» ይላል። መልስ አይጠብቅም፤ መቀሱ ቀድሞት ይጀምራል። በቀደም አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታስቆርጥ ይዛው መጣች። አባዬ ጎንበስ ብሎ «እንደ ድሮው?» አለው። ልጁ አለቀሰ። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

ያንተ ወንበር፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው፣ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ነበር። አንተ ሬዲዮኑን ነቅለህ የኤሌክትሪክ ቶንዶስህን ስትሰካ፣ እሱ ደግሞ ቶንዶሱን ነቅሎ «በዚህ ቤት ጸጉር ይቆረጣል እንጂ ሣር አይታጨድም!» ካለህና ቶንዶስህን ትተህ ቦርሳህን ብቻ አንስተህ ከወጣህበት ቀን ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም። ወረፋ ሲበዛ እንኳ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አንድ እንግዳ ደንበኛ «ይቅርታ እህቴ፣ ከጨርቁ ስር ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለ፤ ግን ሄዷል» አልኩት። የአባዬ መቀስ ቆም ሲል ሰማሁ።

ታዲያ ከመንገዱ ማዶ አንድ ወጣት ጸጉር ቤት ከፈተልህ። ጺሙን ስለቀባ «ቢጫው» እንለዋለን። እሱ የሚሠራው በቶንዶስ ነው። አባዬ በመጋረጃው ጫፍ እያየ «ታጨደ» ይላል፤ ሌላ ሰው ሲገባ ደግሞ «ይሄም ታጨደ»። ነገር ግን ማየቱን አላቆመም። ጭራሽ መነጽሩን ወልውሎ ነው የሚያየው።

ረቡዕ ዕለት ከምሳ በኋላ አባዬ ጠፋ። በዚያ ሰዓት እኮ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል፤ የሠፈሩ ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው በእሱ ማንኮራፋት ነው። እማዬ ምሳ ዕቃውን ልትወስድ መጥታ ወንበሩ ባዶ ሲሆንባት ደነገጠች።

«አባትሽስ?»

«እኔ እንጃ፣ አሁን መግባቴ ነው።»

«በእንቅልፉ ሰዓት? አመመው እንዴ? ሂጂ ፈልጊው!»

ሩቅ አልሄድኩም። ማዶ፣ ከቢጫው ወንበር ላይ፣ ጥቁር ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ አባዬ!

ነገሩን በኋላ ያጫወተኝ ቢጫው ነው። አባዬ የገባው ሊቆረጥ አይደለም፤ «የሚጠጣ ውሃ አለህ?» ብሎ ነው። (የእኛ ቧንቧ እንደሚሠራ ልብ በል።) ውሃውን እየጠጣ ዓይኑን ከቶንዶሱ አልነቅል ሲል፣ ቢጫው «ይቀመጡ አባት፣ እኔ ላስተካክልዎት» አለው። እምቢ ማለት አሳፈረውና ተቀመጠ። «እንዴት ላድርግልዎት?» ሲባል ግን ጨነቀው። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅማ! እሱም ማንንም ጠይቆ አያውቅም። አፉ የለመደውን አወጣ፦

«እንደ ድሮው።»

ቢጫው ድሮውን ከየት ያምጣው? ሽማግሌ ማስለፍለፍ ነውር መስሎት የራሱን «ድሮ» ሠራለት። እኔ ስደርስ ግራና ቀኙ ሙልጭ ብሏል። አናቱ ላይ ብቻ ሽበቱ እንደ ጥርስ ብሩሽ ቆሟል።

እማዬ ስታየው መቃኑን ይዛ ሳቀች፤ ጉልበቷ ሁሉ ተሻላት። «ማነው ይሄ ጎረምሳ? ባሌ ሳይመጣ ውጣልኝ!» አባዬ ኮፍያ አጠለቀ። በኮፍያ በላ፣ በኮፍያ ተኛ። እጁ ግን ቶሎ ቶሎ ወደ ኋላ እየሄደ ማጅራቱን ይዳብስ ነበር። ስስቅ አየኝና፦

«ምን ትገለፍጫለሽ?» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቀስ አድርጎ፣ «ንጹሕ ሥራ ነው። አይነክስም።»

በማግስቱ መሳቢያዎቹን ሁሉ ሲያገላብጥ አገኘሁት።

«ያ የወንድምሽ ነገር የት ነው ያለው?»

«የቱ ነገር?» አልኩ፣ አውቄ።

«ያ... የሚጮኸው።»

«ሣር ማጨጃው?»

አየኝ። ከመደርደሪያው አናት ላይ አውርጄ ሰጠሁት።

የመጀመሪያው ዕድለኛ በየዓርቡ የሚመጡት ጡረተኛው መምህር ሆኑ። አባዬ ሬዲዮኑን በገዛ እጁ ነቀለ። ጨርቁን አሰረላቸውና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዴት... ላድርግልዎት?»

መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጡበት። «ምን አልክ አንተ?»

«እንዴት ላድርግልዎት ነው የምለው።»

«እንጃ። አስቤው አላውቅም።»

ሁለቱም ስለ አንድ ራስ ሲያስቡ ብታያቸው! በመጨረሻ መምህሩ «እስቲ አጠር ይበል» አሉ። አባዬ ቶንዶስህን ሊበር የተዘጋጀ ወፍ ይመስል በሁለት እጁ ጨብጦ ጀመረ። ማጅራታቸው ላይ ደረጃ ሠራላቸው። እውነቴን ነው፣ ጉንዳን ተመችቷት ትወጣበታለች። መምህሩ ዳበሱና «ፎቁንስ መቼ ትጨርሰዋለህ?» አሉ። አባዬ አልሳቀም። ቶንዶሱን አጠፋና፣ ለእኛም ለራሱም ባልሆነ ድምፅ፣ «አጠገቤ የሚያውቅበት ሰው ቢኖር...» አለ። አልጨረሰውም። እኔም መጥረጊያዬን አንስቼ የጠረግሁትን መልሼ ጠረግሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመብራት ሠራተኛ ጠራ። ሶኬታችን አንድ እንደሆነ፣ እሱም የሬዲዮኑ እንደሆነ ታውቃለህ። ሌላ ይተከልልኝ አለ። የት መሰለህ? መስኮቱ አጠገብ። ጨርቁን ገፎ አጥፎ፣ ወንበርህን ወልውሎ ጠብቆታል። ሠራተኛው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ።

«እዚህ ጋ ይሁን ጋሼ? ለእጅዎ ይመቻል።»

«ከፍ አድርገው።»

«እዚህ?»

«ከፍ አድርገው እንጂ ሰውዬ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እዚያ እኮ አይደርሱበትም።»

«እኔ ምን አገባኝ? የሚሠራበት ሰው ረጅም ነው።»

ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ አለውና «አንቺ ምን ቆመሽ ታያለሽ? ጥረጊ!» አለኝ። ወለሉ ላይ አንድ ፍሬ ጸጉር አልነበረም። ጠረግሁ።

አንተም ከእሱ አትሻልም። ግትርነቱን ከማን እንደወረስከው ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። በእማዬ ስልክ እሱ አንስቶ «ሃሎ» ሲል ጥርቅም የምታደርገው አንተ ነህ። ከተዘጋ በኋላም «ሃሎ፣ ሃሎ» ማለቱን አንተ አትሰማም፤ እኔ ግን እሰማለሁ። አንድ ቀን በጸጉር ቤቱ ስልክ ደውል። የሚያነሳው እሱ ነው። እንደ ድሮው እንዳትዘጋ።

ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ሁለት ጊዜ አለፈ።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ረጅም ሰው።»

የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰ። ሄዶ፣ በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ ቶንዶስህን አዲሱ ሶኬት ላይ ሰካው። ገመዱን ይዞ በወንበርህ ዙሪያ፣ በግራም በቀኝም፣ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ሰላም በይልኝ አላልኩም» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ገመዱ ግን ይደርሳል በይው።»

እማዬ «እጅህን ይባርከው፣ በሄድክበት ሁሉ ሰው አያሳጣህ» ትልሃለች። እኔም መንገዱን ቀና ያድርግልህ እላለሁ፤ ወደዚህ የሚመጣውን ማለቴ ነው።

መጥረጊያዋ እህትህ