ሶፋ ላይ የተገኘው ባል

ለተከበሩ የውጭ አገር ዜጎች የመኖሪያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ሊፍት ደግሞ መጠገንን እመኛለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ባለቤቴም አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግር መውጣት ለጤና ጥሩ እንደሆነ ከዘበኛዎ ሰምታ ተጽናንታለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የአገርዎን ልጅ በማግባቴ፣ ፈቃዴን ለማሳደስ በየዓመቱ ደጅዎን እጠናለሁ። ያለኝ ፈቃድ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ ልጃችን የሚወለደው በሚቀጥለው ወር ነው። ይህን የማነሣው ለማስቸኮል አይደለም፤ መቸኮል በመሥሪያ ቤትዎ ነውር መሆኑን ተምሬያለሁ። ነገር ግን የተደረገልኝን በአደባባይ ሳላመሰግን ብባረር ውለታ ቢስ እንዳልባል ሰጋሁ።

፩ኛ. የባለቤቴ ደመወዝ ከእኔ ገቢ ቢበልጥም፣ አመልካቹ እኔ ስለሆንኩ እንደማይቆጠር ስላስረዱን እናመሰግናለን። አከራያችን ይህን መመሪያ ባለማንበቡ እስከዚያ ቀን ድረስ ኪራዩን ከእሷ ደመወዝ ያለ አንዳች ቅሬታ ሲቀበል ኖሯል።

፪ኛ. የእኔ ገቢ ትምህርት ቤት ሲከፈት በዩኒፎርም ስፌት ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሱሪ ከማሳጠር የዘለለ ሥራ የለም። ሠራተኞችዎ ይህን አይተው፣ በቂ ገንዘብ ባንክ ገብቶ ሁለት ወር ሳይነካ እንዲቀመጥ አዘዙ። እኛም የእሷን ደመወዝ ጭምር ባንክ እያስገባን ቃል በቃል ፈጸምን። የተከራየነውን ቤት ለቀቅን፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አማቴ ቤት ገባሁ፤ ምሳዬን ከእሳቸው ድስት እየቋጠርኩ ሥራ ዋልኩ። ለሚወለደው ልጅ ልብስ የሰፋሁት እንኳ ከደንበኞች ሱሪ ከተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ገንዘቡን ማንም አልነካውም።

፫ኛ. ከሁሉ የላቀው ውለታዎ ይህ ነው። የባንክ ማስረጃውን የመረመሩት ባለሙያዎ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዳቦ እንኳ ያልገዙ ሰዎች እንዴት ባልና ሚስት ይባላሉ ብለው ተጠራጠሩ። ስለዚህ ሁለት ተቆጣጣሪዎች በማለዳ አማቴ ቤት ድረስ ተላኩልን። ቤቱ ያለው አንድ መኝታ ክፍል ነው። ሆዷ የገፋው ባለቤቴ ከእናቷ ጋር አልጋ ላይ፣ እኔ ደግሞ እግሬ ከሶፋው ውጭ ተንጠልጥሎ ሳሎን ውስጥ ተገኘን። ጥንዶቹ አብረው አይተኙም ተብሎ ተጻፈ። አማቴ በንዴት የልጃቸውን ሆድ እያሳዩ ታዲያ ይህ ከየት መጣ ቢሉ፣ ሆድ ከተፈላጊ ማስረጃዎች ውስጥ እንደማይካተት በትሕትና ተነገራቸው።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ለአፍታ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። በዚያ ጠዋት በፒጃማ ቆሜ አፈርኩ፤ ከዚያም ተናደድኩ። ተቆጣጣሪዎቹ እንደወጡ ባለቤቴ ያለቀሰችው ለቅሶ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ እንደገባኝ፣ ገንዘቡን ብናወጣ ትዳር አለን፣ ገቢ የለንም፤ ባናወጣ ገቢ አለን፣ ትዳር የለንም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማድረግ የሚያስተምር አንድ ባለሙያ ወሩ ሳያልቅ እንዲመድቡልን፣ ይህ ካልተቻለም ልጁ አባቱን ካየ በኋላ እንድባረር እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት፣

ለሚስቱ ባል፣ ለአማቱ ሸክም፣ ለእርስዎ ግን እስካሁን አመልካች ብቻ የሆነው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ማመልከቻዬን የመለሱልኝ ሠራተኛዎ፣ ማንነታቸውን አልናገርም፣ መነጽራቸውን አውልቀው ድምፃቸውን ዝቅ በማድረግ እንደነገሩኝ፣ በእርስዎ መለኪያ ቢመዘኑ የእሳቸውም ደመወዝ ከሚስታቸው ጋር ለመኖር አይበቃም። ደግነቱ እሳቸው የተወለዱት እዚሁ ነው።