«የውሸት ነው» ያልኩሽ ዩኒቨርሲቲ

ቆቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪሀ፣
ሪያድ

የአላህ ሰላም በምትሠሪበትም በምታርፊበትም ሰዓት ከአንቺ አይለይ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ከክረምቱ ወዲህ ተሽሏታል፤ ገበያ በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው። በዋጃ በኩል ያለው ታጭዶ አልቋል፣ የእኛም የቀረው ትንሽ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማሳ ላይ ወፍ ስጠብቅ ከረምኩ። እናትሽ «ወፎቹ ከተማሪዎችህ ይሻላሉ፣ ስትጮህባቸው እንኳ ይነሳሉ» እያለች ትስቅብኛለች።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ፀዲ ናት፤ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት የፍቅሩ እህት። ፈቃዷን ጨርሳ ሐሙስ ወደ ሪያድ ትመለሳለች። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለፈራሁ ነው። ድምፄን አራት ጊዜ ቀድቼ አራቱንም አጠፋሁት፤ መልሼ ስሰማው ሰበብ የሚደረድር ሰው ይመስላል።

ኮንትራትሽ ጥር ላይ ያልቃል። ማዳምሽ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት እንድትፈርሚ እንደጠየቀችሽ ለእናትሽ ነግረሻታል። ከመፈረምሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

ሰኔ 2015 የአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ስም ልከሽልኝ ነበር። መልእክትሽ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። «አባ፣ ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፣ በእረፍቴ ቀን መማር እችላለሁ። ርካሽ ስለሆነ ግን ፈራሁት። እውቅና ያለው መሆኑን አንተ አጣራልኝ፣ ያንተ እንግሊዝኛ ይሻላል» ይላል። በሦስተኛው ቀን መለስኩልሽ፤ «ተመልክቼዋለሁ። የውሸት ነው። እንዲህ ርካሽ ሆኖ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ የለም።» አንቺም «እሺ አባ። አንተ ካልክ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። በሳምንቱ ጥር ላይ የሚያልቀውን ኮንትራትሽን አስቀድመሽ ለሁለት ዓመት አደስሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት አንድም ቀን አንስተሽ አታውቂም።

አላጣራሁም ነበር፣ ልጄ።

ገጹን በእርግጥ ከፍቻለሁ። ፍቅሩ ቤት ሄጄ፣ ቅጽ ለመሙላት የመጡ ልጆች ቤቱን ሞልተውት፣ ፍቅሩ ራሱ ከፈተልኝ። ቃሎቹን ማንበብ አላቃተኝም። እውቅና ሰጠን የሚሉት ድርጅት ምን እንደሆነ፣ ይታመን አይታመን ግን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ያስተማርኩት የመማሪያ መጽሐፉን ነው፤ ምንባቡንና ከምንባቡ በታች ያሉትን ጥያቄዎች። መልሱ ሁልጊዜ እዚያው ምንባቡ ውስጥ ይገኝ ነበር። የዚህኛው መልስ ከገጹ ውጭ ነበር፤ የት ብዬ እንደምፈልገው አላውቅም ነበር።

ፍቅሩ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ «ቲቸር፣ ምን ይላል? እውነት ከሆነ እኔም ልመዝገብ» አለ። አንዱ ልጅ ከኋላ «አንተ መጀመሪያ ሰባተኛን እለፍ» አለውና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ። ግማሾቹ ተማሪዎቼ የነበሩ ናቸው። «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «የውሸት ነው። ዝጋው» ብዬ ተነሳሁ። ለእነሱ ያልኩትን ነው ለአንቺም የጻፍኩልሽ።

ባለፈው ወር የራዊያ እናት ኡሙሃኒ ከጎብዬ መጣች። አብሮ አደግሽ ራዊያ ጅዳ እንዳለች ታውቂያለሽ። ኡሙሃኒ በፌስታል የጠቀለለችውን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«መምህር፣ ራዊያ በስልክ ልካልኝ ፍቅሩ ቤት አሳትሜው መጣሁ። እንግሊዝኛ ነው። እርስዎ ካላነበቡልኝ ማን ያነብልኛል?»

መነጽሬን አደረግኩ። ከላይ በትልቁ የተጻፈው አንቺ የላክሽልኝ ስም ነው። ስሙን ደጋግሜ ሳየው ኡሙሃኒ ደነገጠች።

«ምነው? መጥፎ ነው እንዴ?»

«የለም፣ ጥሩ ነው። ራዊያ የሁለት ዓመቱን ትምህርት በጥሩ ውጤት ጨርሳለች ይላል። ወደ ዲግሪውም አሳልፈዋታል።»

እልልታዋን ለቀቀችው። እናትሽም ከማድ ቤት ወጥታ አብራት እልል አለች። ከዚያ ኡሙሃኒ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ «ፈሪሀስ? የእሷ መቼ ነው? ለራዊያ ስሙን የሰጠቻት እኮ ፈሪሀ ናት» አለችኝ።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ሦስታችን ብቻ ነበርን። እኔ ግን «ሥራ በዝቶባት ተወችው መሰለኝ» አልኩ።

«አይ የእኛ ልጅ!» አለች ኡሙሃኒ እየሳቀች። «የመምህር ልጅ ሆና ትሰንፍ? ይቆጧት እንጂ!»

እናትሽ አልሳቀችም። ኡሙሃኒን ባጃጅ ድረስ ሸኝታት ተመለሰችና በሩ ላይ ቆማ «ያን ጊዜ አጣራሁ ብለህ አልነበር?» አለችኝ።

«ብዬ ነበር።»

«አጣርተህ ነበር?»

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።

«ልጄን ሰነፍ አስባልካት» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። እስከ ማግስቱ አላናገረችኝም።

በማግስቱ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እዚያ ትርሲት ትሠራለች። ስምንተኛ ክፍል ሳስተምራት በድርሰቷ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያላሳረፍኩበት መስመር አልነበረም። «ትርሲት፣ አልገባኝም፣ አስረጂኝ» አልኳት። ለተማሪዬ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ግን ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «ቲቸር፣ ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ የሚለውን ይተውት» አለችኝ። «ምስክሩን ነው የምንጠይቀው። ከዚያ ደግሞ የምስክሩን ምስክር።»

ያደረገችውን ልጻፍልሽ፣ አንቺም ትደግሚዋለሽና። በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ያለውን ማገናኛ አልተጫነችም፤ በእሱ ከገባን ወደፈለጉት ሊወስዱን ይችላሉ አለች። እውቅና ሰጪ የተባለውን ድርጅት ስም ራሷ ጽፋ የድርጅቱን ገጽ አገኘችና ዝርዝሩ ውስጥ ዩኒቨርሲቲውን ፈለገች። አለ። እውቅናው እስከ መቼ እንደሚጸና አየች። ከዚያ የዚያን አገር መንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት ገጽ ከፍታ ሰጪው ድርጅት ራሱ የታወቀ መሆኑን አረጋገጠች። የውሸት እውቅና የሚሸጡ ድርጅቶች ስላሉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው አለችኝ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወዳለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጻፈች፤ እዚያ የተገኘ ዲግሪ አገር ቤት የአቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ። መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ዩኒቨርሲቲው በአገሩ እውቅና ያለው ነው፤ የአቻ ግምቱ ግን በየትምህርት መስኩና በማስረጃው ስለሚታይ ተማሪዋ ከመመዝገቧ በፊት መስኩን ጠቅሳ በጽሑፍ ትጠይቅ ይላል።

ከመልሱ በፊት ያለው ሥራ ሁሉ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ለሃያ ደቂቃ ሰንፌ የአንቺን ሁለት ዓመት ተኩል ወሰድኩብሽ።

ከዚያ ፍቅሩ ቤት ሄጄ ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «ያንን የውሸቱን? እኔ እኮ የጠየቀኝን ሁሉ፣ ቲቸር የውሸት ነው ብለዋል እያልኩ ነው የምመልሰው! አራት አምስት ልጅ መልሻለሁ።» ወረቀት ጠየቅኩትና «ይህን ዩኒቨርሲቲ የውሸት ነው ያልኩት ሳላጣራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከታች የትርሲትን አካሄድ አስፍሬ፣ ስሜንም ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

«ቲቸር፣ ስምዎን ልቁረጠው?» አለኝ ፍቅሩ፣ አሁን ሳይስቅ።

«ልጆቹ የተመለሱት በስሜ ነው። ይኑር» አልኩት።

በገበያ ቀንም ጎብዬ ወርጄ ኡሙሃኒን ከምትሸጥበት ቦታ አገኘኋት። አጠገቧ ያሉት ሴቶች እየሰሙ «ፈሪሀ አልሰነፈችም። የውሸት ነው ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ» አልኳት። ኡሙሃኒ «እኔ ማንበብ የማልችለው ይህን ባደርግ ይገባኝ ነበር፣ መምህር» አለች። ወደ ቆቦ ሚኒባስ ስሳፈር ግን ከኋላዬ ደርሳ የራዊያን ቁጥር የጻፈችበት ወረቀት ሰጠችኝ። «ፈሪሀ ትደውልላት። ራዊያ ሁሉንም ታሳያታለች።» ቁጥሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ይቅርታሽን ፈልጌ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ስላለም ነው። አዲሱ ምዝገባ ታኅሣሥ 20 ይዘጋል። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ሳይንስ ብለሽኝ ነበር። አሁንም ይህንኑ ትፈልጊ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳልጠይቅሽ ስንት ጊዜ አለፈ። ብትመዘገቢ፣ ማዳምሽ የእረፍት ቀንሽን በጽሑፍ እንድታስቀምጥልሽ ሳታደርጊ አትፈርሚ። መመለስ ከፈለግሽም ክፍልሽ እንዳለ ነው። እናትሽ በየሳምንቱ ትጠርገዋለች፤ ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

እናትሽ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ እንዳነብላት አዝዛኝ ነበር። ስለ ኡሙሃኒ የጻፍኩት ጋ ስደርስ፣ ሥራ በዝቶባት ያልኩበትን ዘለልኩት። «እዚያ ጋ የሆነ ነገር ጎደለ» አለችኝ። ተመልሼ አነበብኩት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የአሁኑን «እውነተኛ ነው» ቃሌንም የያኔውን «የውሸት ነው» እንዳመንሽው እንዲሁ አትቀበዪው። ትርሲት ያየችውን ሁሉ አንቺ ራስሽ በዓይንሽ እዪው፣ ራዊያንም ጠይቂያት። ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ። ቁጣም ካለሽ ተቆጪኝ፤ የሁለት ዓመት ተኩል ቁጣ አለብኝ። ብቻ በዚህኛው ጊዜ «እሺ አባ፣ አንተ ካልክ» ብለሽ አትጻፊልኝ።

አላህ ዓይንሽን ከእንቅልፍ ማጣት፣ እጅሽን ከድካም፣ ልብሽን ከእንደ እኔ ዓይነቱ ምክር ይጠብቅልሽ። እናትሽ ጌጤ ግንባሯን ሳምልኝ ብላለች።

አባትሽ
ሙሀመድሰይድ