ሁለት ቀን ቀድማ «ስለዘገየች» እናት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የጻፍኩት ለወግ ያህል አይደለም፤ ጤና የጎደለው ሰው እርስዎ ወደሚመሩት ሆስፒታል መምጣቱ ስለማይቀር፣ ያ ነገር በእርስዎ ላይ እንዳይደርስ አጥብቄ ስለምፈልግ ነው።

እኔ በአውቶቡስ መናኸሪያው የስምሪት ክፍል የምሠራ ሴት ነኝ። የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደወጣና እንደገባ እመዘግባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሕንፃዎ ሁለተኛ ፎቅ፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ልጄ ተኝታለች፤ የመጀመሪያዬ ናት፤ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው።

ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ፈጣን መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የሰባተኛውን መስመር መነሻ እየጻፍኩ ሳለ ሆዴ ድንገት እንደ ድንጋይ ጠነከረና እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ወዲያው ለቀቀኝ፤ እንዲያውም ሳቅኩ። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ተመለሰ፤ ከዚያ በአሥር ደቂቃ፤ ከዚያ እንደገና በአሥር። ሠላሳ ሦስተኛ ሳምንቴ ስለነበር ምጥ ይሆናል ብዬ ለማሰብ እንኳ ፈራሁ፤ የሚሆነው ሌላ ነገር ምን እንደሆነም አላውቅም ነበር። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። ከስምሪት ቅጹ አንድ ሉህ ገንጥዬ፣ «መነሻ» በሚለው ሥር ሕመሙ የጀመረኝን፣ «መድረሻ» በሚለው ሥር የለቀቀኝን ደቂቃ መጻፍ ያዝኩ። ሦስት ልጆች የወለደችው ታላቅ እህቴ በስልክ ይህን ስትሰማ፣ «ቁጭ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ እንዴ? ተነሺ እንጂ አንቺ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ መጥታም ይዛኝ ሄደች።

አዋላጅ ነርስዎ ወረቀቴን ተቀብላ አየችና ፈገግ አለች። «ምንድን ነው ይኼ? አውቶቡስ ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ። ቀጥላም «የመጀመሪያሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «በቃ፣ የውሸት ምጥ ነው። የመጀመሪያ ሲሆን ሁሉም እንዲህ ይደነግጣል። ሂጂ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ተኚ» አለችኝ። ምርመራው በዚህ አበቃ። እጇ ሆዴን አልነካም፤ የልጄን የልብ ምትም አላዳመጠችም። ከወንበሯ ሳትነሳ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ የሰው ማኅፀን ውስጥ ያለውን አይታ የምትፈርድ ባለሙያ ማፍራት ለየትኛውም ተቋም ትልቅ ኩራት ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

እህቴ ልትከራከር አፏን ስትከፍት ክንዷን ጎተትኳት። «ተይ፣ ሰው አናስቸግር» አልኳት። ክቡርነትዎ፣ ከሁሉም አብልጣ እንቅልፍ የምትነሳኝ ይህች የራሴ ቃል ናት።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለሥርዓት አክባሪነትዎ ነው። እንደታዘዝኩት ውሃውን ጠጣሁ፤ በግራ ጎኔ ተኛሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን በየሰባት ደቂቃው ወገቤን ጭምር ይቆርጠኝ ጀመርና ተመልሼ መጣሁ። አዋላጅዎ ከሩቅ ስታየኝ «አንቺ ደግሞ መጣሽ?» አለችኝና ወደ ካርድ ክፍል ላከችኝ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የክትትል ካርዴን አገላብጦ፣ «እዚህ ላይ የመውለጃ ቀንሽ ገና ነው የሚለው፤ ከቀንሽ በፊት አልጋ አንሰጥም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ካርዱ እንደዚያ ይላል። ያላነበበችው ልጄ ናት፤ ስለ እርሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሕመሙ ሲመጣ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እስኪያልፍ ግድግዳው ላይ ዓይኔን እተክል ነበር። እህቴ ጆሮዬ ሥር፣ «ጩኺ እንጂ! እዚህ ቤት ያልጮኸ ሰው አይታይም» ትለኛለች። እኔ ግን አፈርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኼ፣ የውሸት ምጥ ሆኖ ቢገኝስ ብዬ አፈርኩ። በመጨረሻ «ሲብስብሽ ትመጫለሽ» ተብዬ ተሸኘሁ። ምን ያህል ሲብስ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛዎ ነው፤ ይህኛው ያለ ምንም ሽሙጥ የተጻፈ ስለሆነ እባክዎ እንደወረደ ይቀበሉልኝ። ረቡዕ ጠዋት በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ እግሬ ሥር ሞቅ ያለ ውሃ ፈሰሰ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቀና ሳይል «ተራሽን ጠብቂ» አለኝ። ያቺ ሴትዮ ወለሉን ልትጠርግ መጥታ ውሃውን አየች፤ እኔን አየች፤ መወልወያዋን ጣለችና «የሽርት ውሃ ነው እኮ ይኼ! ዞር በሉ! መንገድ ልቀቁ!» እያለች፣ የፋይል ክምር የተጫነበትን ተሽከርካሪ ወንበር ጎትታ ፋይሉን መሬት ላይ ዘረገፈችው፤ እኔን አስቀምጣ እየገፋች ማዋለጃ ክፍል አስገባችኝ። በአምስተኛው ቀን እንደሰማሁት፣ ሰነድ መሬት ላይ በመጣሏ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ለሰነድ እንዲህ የሚጨነቅ ተቋም ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ልጄ ሃምሳ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተወለደች፤ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። አላለቀሰችም። መልኳ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወሰዷትና ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ እኔም ደቂቃ መቁጠር ሥራዬ ሆኖ ሳለ ሰዓቱን ማየት አልደፈርኩም።

በኋላ ሐኪሙ መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ደክሞታል፤ ክፉ ሰውም አይመስልም። «እህቴ፣ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን ለሳንባዋ የሚረዳ መርፌ እንሰጥሽ ነበር። ምነው እንዲህ ዘገየሽ?» አለኝ። በካርዴ ላይም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «እናት ዘግይታ የመጣች» ተብሎ ሰፍሯል።

፬. ስለዚህ አራተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። ለአሥራ አንድ ቀን አብራኝ ውላለች። ወተቴን አልቤ በመስኮት ሳቀብል ትመጣለች፤ የልጄ ደረት በየትንፋሹ ሲሰረጉድ ሳይ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ሲነሳባት፣ እውነትም ዘግይቼ ይሆን ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። በመጨረሻ ወርጄ የበሩን ጥበቃ ለመንኩት። መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ፦ ሰኞ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት፣ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ከአምስት፤ ሦስቱም ላይ ስሜ አለ፤ በምክንያቱም ቦታ ሦስት ጊዜ «ምጥ» ብሎ ጽፏል። በሆስፒታልዎ ውስጥ ሕመሜን በትክክል የለየ ባለሙያ እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ማዋለጃ ክፍል በዕድገት እንዲዛወር በትሕትና አሳስባለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዘግይታ የመጣች» የሚለው ተሰርዞ «ሁለት ጊዜ መጥታ የተመለሰች» ተብሎ ይጻፍልኝ። ሐኪሙ ስለ ነገ እርግጠኛ ነገር አይነግረኝም፤ «እናያለን» ነው የሚለው። ልጄ ካደገች አንድ ቀን ካርዴን ታነበዋለች። ካላደገችም ደግሞ እኔ አነበዋለሁና፣ ያን ቀን ቢያንስ ውሸት እንዳላነብ ይርዱኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ቢሮዎ ደጅ የሚጠና ሰው የማያንኳኳበት ጸጥ ያለ ቦታ ሆኖ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በካርድ ቁጥሬ ካልሆነ የማያውቁኝ፣
የአሥራ አንድ ቀን እናት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ላሽገው ስል የሕፃናቱ ክፍል ነርስ ብቅ ብላ፣ ልጄ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ኦክስጅን መተንፈሷንና ማልቀስ መጀመሯን ነገረችኝ። ክፍሉ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ነው። ድምፅዋ ሥራዎን ካወከ መስኮትዎን መዝጋት ይችላሉ፤ እኔ ግን ዝም አላሰኛትም።