ዘይት ስለተቀባ በር እና ስለ ጤነኛ ጥርሶች

ለተከበሩ የመሰብሰቢያው ሕንጻ አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ በተለይም ለጥርስዎ ደህንነት መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ። ጥርስን ለምን እንዳነሳሁ ዝቅ ብለው ያገኙታል።

በአደባባይ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ እዚህ ግባ የማይባል ጉዳይ ነው። በመተላለፊያው መጨረሻ ያለው የክፍላችን በር ለዓመታት ሲጢጥ ሲል ኖሮ፣ በቅርቡ በትእዛዝዎ ማጠፊያው ዘይት ተቀባ። እኔም ቅሬታ አለኝ። በዚያ ክፍል ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ የምንሰበሰበው መጠጥ ያቆምን ወይም ለማቆም የምንታገል ሰዎች ነን። ሐኪምም ሰባኪም የለንም፤ አንዱ የደረሰበትን ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማዋል። አዲስ ሰው ሲመጣ ታዲያ በሩን ባንዴ አይከፍተውም፤ ትንሽ ገፋ ያደርግና እግሩ ወደ ኋላ ይላል። በሩ ሲጢጥ ሲል እኛ ዞር ብለን ሳናይ፣ እንዳያፍር ብለን፣ ሁላችንም ባንድ ድምፅ «ግባ፣ ወንበር አለ» እንላለን። አሁን በሩ ዝም ስላለ ማን ገፍቶት ማን እንደተመለሰ አናውቅም። ለዚህ ድንቅ ጸጥታ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

በእርግጥ ይህ ሁሉ እስከ በሩ የሚደርስ ሰው ከተገኘ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሌሎቹ ውለታዎችዎ ልለፍ።

፩. ምልክታችንን ስላስነሱልን። ከካርቶን ቆርጠን፣ ቀስት ስለንበት፣ ደረጃው ሥር የለጠፍነው ነበር፤ «የሕንጻውን ገጽታ ያበላሻል» ተብሎ ተነሳ። አልዋሽም፣ ቀስቱ ጠማማ ነበር። የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ፊደልንም ስዕልንም ያስተማረኝ ስለሌለ የሁለቱም ጥፋት የራሴ ነው። በምትኩ «ያለ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው» የሚል የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ሰቅለዋል። የእርስዎ በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ የትም አያደርስም እንጂ። የመረጃ መስኮቷ ላይ የተቀመጠችው ልጅም ሰው ሲጠይቃት «እንዲህ ያለ ስብሰባ አናውቅም» ትላለች፤ በየሳምንቱ ሰላም እያልናት የምናልፈው ምናልባት መናፍስት ሆነን ይሆናል።

፪. የጥበቃ ሠራተኛው የሚገባውን ሁሉ፣ መግቢያው ላይ ለፍተሻ በቆመው ሰልፈኛ ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ «ለምን ጉዳይ ነው?» እንዲል ስላዘዙ። እኔ ፊቴን በጨው ታጥቤያለሁና «ለመጠጥ ጉዳይ!» እላለሁ፤ ሰልፈኛው ሁሉ አንገቱን ያዞራል፣ እኔም እጅ ነስቼ እገባለሁ። የእህቴ ልጅ ግን እንደኔ አይደለም። በያጅ ነው። አሠሪው የእጁን መንቀጥቀጥ አይቶ «በዚህ እጅህ እሳት አላስነካህም፤ ወይ አቁም ወይ ቅር» ብሎታል፤ ሚስቱም ልጃቸውን ይዛ ወደ እናቷ ለመሄድ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን አናት አውርዳለች። ስንት ለምኜው፣ ስንት ቀልጄበት፣ ያለፈው ሐሙስ ተላጭቶ፣ የሰው የሚመስል ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጥበቃው ጠየቀው። ልጁ ከኋላው የቆሙትን ዞር ብሎ አየና «ለጥርስ» አለ። የጥርስ ሐኪሟ ክሊኒክ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ ትእዛዝዎን አክባሪ ስለሆነ ደረጃውን ወጥቶ እስኪጨርስ በዓይኑ ሸኘው። እኛ ታች ወንበር ይዘን ስንጠብቅ፣ እሱ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ጤነኛ ጥርሱን አሳጥቦ ወረደ። ከዚያ በቀጥታ ፊት ለፊት ወዳለው መጠጥ ቤት ተሻገረ። እዚያ በር ላይ ለምን ጉዳይ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኩንም አያነሳልኝም። እኛ ዓመታት የፈጀብንን ማስታወቂያ ክቡርነትዎ ለመጠጥ ቤቱ በአንዲት ጥያቄ ሠርተውለታልና ባለቤቱ ምስጋናውን ሳያቀርብልዎ አይቀርም።

፫. ስለ ወንበሮቹ ደግሞ

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የቤቴ በር ሲጢጥ አለ። የኔን ዘይት አልቀባሁትም። ከልማድ የተነሳ ቀና ሳልል «ግባ፣ ወንበር አለ» አልኩ።

የገባችው የጥርስ ሐኪሟ ናት። ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ይዛለች፤ ከኋላዋ የእህቴ ልጅ መሬት መሬት ያያል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰው የእርስዎ ነው አሉ። ዛሬም ጤነኛ ጥርሱን ይዞ መጣብኝ። ‹የቱን ልንቀልልህ?› ብለው ‹የፈለግሽውን› አይለኝ መሰለዎት! ያኔ ነው ሌላ ሕመም እንዳለው የገባኝ፤ ስጠይቀው የሐሙሱንም የእርስዎንም ነገር ነገረኝ።»

ከዚያም ሐሙስ ከሥራ በኋላ የታካሚዎቿ መቆያ ክፍል ባዶ እንደሆነ፣ ወንበርም እንዳለ ነገረችን። ስለ ልጁ የጻፍኩትን አነበብኩለት። «ስሜን እስካልጠራህ ድረስ ላከው፤» አለኝ፣ «ሸሚዙ ግን የራሴ ነው፣ አጎቴ። አትዋሽብኝ።» እርማቱን በአክብሮት ተቀብያለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ ሁላችንም «ለጥርስ» ብለን፣ ቅንጣት ሳንዋሽ፣ በበርዎ እናልፋለን። እንግዶቼ እንደቆሙ ነውና ሦስተኛውን ቅሬታዬን ትቻለሁ።

ጥርሱን ለማሳየት ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነው፣ ጠማማ ቀስት ሳዩ፣ አክባሪዎ
የበያጁ አጎት

ማሳሰቢያ፦ የሐኪሟም በር ሲጢጥ ይላል፤ እባክዎ ዘይት አይላኩልን። አንድ ሐሙስ የክቡርነትዎን ጥርስ ድንገት ካመመዎት ግን ገፋ ያድርጉት። ዞር ብሎ የሚያይዎ የለም።